የእምነት ክህደት ቃል

ከብሔራዊ ቴአትር ጀርባ ልጆች ዶላር ይመነዝራሉ፤
«አለ፣ አለ» እያሉ ላላፊው ያንሾካሽካሉ።
እኔ ከነሱ በላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ሊፍቱ ከሞተበት፣
ቃል እመነዝራለሁ፤ ዋጋው በገጽ ነው፣ ማኅተም ተጨምሮበት።
የልደት፣ የጋብቻ፣ የትምህርት ወረቀት
እጄ ለምዶታል፤ አያስገልጠኝም መዝገበ ቃላት።

ማክሰኞ ወይዘሮ እታገኘሁ መጡ፤
ደረጃውን ሦስቴ አርፈው ወጡ፤
ከፌስታል ውስጥ ዘጠኝ ገጽ አወጡ።
ካሜሪካ፣ ከኦሃዮ ፍርድ ቤት የተላከ ወረቀት፣
የልጃቸው የይድነቃቸው ስም በአራት ዓይነት ስሕተት የተጻፈበት።
«ጽፈህ እስክትጨርስ አልጠብቅም» አሉ፣
«አሁን በአፍህ ንገረኝ፤ ምን ምን እንዳሉ።»

«ከሳሽ፦ የኦሃዮ ግዛት።»
«ግዛት? ሰው አይደለም የከሰሰው?»
«አይደለም።»
«ታዲያ ሽማግሌ ወደማን ይላካል? እንዴት እግሩ ላይ ይወደቃል፣ እግር ከሌለው?»

«ንጹሕ ሆኖ ይገመታል» ስላቸው ሣቁ፤
«ግምት ለቤት ነው፣ ለመኪና። ስለሱ እኔን ይጠይቁ።»

«ዋስትና» ላይ ስደርስ ከወንበሩ ተነሡ፤
«እኔን ጻፍ። እኔ ነኝ ዋሱ።»
በዱሮው ቋንቋችን ዋስ ሰው ነበር፤ ሲጠሩት አቤት የሚል፣
አንገት ያለው፣ ጎረቤት ያለው፣ በሌላው ፈንታ ታስሮ የሚውል።
ዛሬ እዚያም፣ እዚህ ልደታም፣ ዋስ ማለት አኃዝ ነው፤
«ተከፍሏል» ብዬ ያለፍኩት ይህን ማለት ስላቃተኝ ነው።

«የሚፈርዱት አሥራ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ዳኛ ያልሆኑ፣ ከየቤቱ የተጠሩ።»
«ልጄን የሚያውቅ አለ ከመሀላቸው? የሰፈሩ?»
«የሚያውቀው ይወጣል። የማያውቁት ናቸው የሚቀሩ።»
በመስኮቱ የአውቶቡስ ጥሩምባ ገባ፤ እሳቸው አልሰሙትም።
«ይሁን» አሉ ቆይተው፤ «የማያውቅ ሰው ቢያንስ ቂም የለውም።»

የኔ ጣጣ ቃል ነው። «ይግባኝ» የሚል ሰው ባየሁ ቁጥር
«ገና አልገባኝም» የሚል ይመስለኛል፣ ዳኛው የነገረው ነገር።
«ይርጋ»ም ወተት ያስታውሰኛል፤ ተከድኖ የተቀመጠ፣
ማንም ሳይነካው ቆይቶ፣ በገዛ ራሱ የተለወጠ።

ገጽ ሰባት።
«የእምነት ክህደት ቃል።» ይህ የኛው ነው፤ ሕጋችን የሚለው፣
ለስርቆት ክስ ሳይሆን ለንስሐ የሚመስለው።
እምነት አንድ በር፣ ክህደት አንድ በር። እኛ የምናውቀው ሁለቱን፤
እነሱ ከግድግዳው ሦስተኛ ቀደዋል፣ ጠባቡን።

«አላመነም» አልኳቸው።
«ተመስገን።»
«አልካደምም።»
ሊያማትቡ ያነሡት እጅ ግንባራቸው ላይ ቆመ።
«ታዲያ ምን አለ?»
«አልሟገትም አለ።»

ወንበሩ ላይ ተመለሱ። ስለ ቴርሞስ ነገሩኝ።
የእትዬ ውድነሽ ቴርሞስ፣ ቀይ፣ ጽጌረዳ ያለበት፤
ይድነቃቸው ሰባት ዓመቱ፤ ስብርባሪው እግሩ ሥር፣ አባትየው ቀበቶ ይዞ የቆመበት።
«ማን ሰበረው?» ሲባል
እኔ ነኝ አላለ፣ አይደለሁም አላለ፤
ዞር ብሎ አንድ የባንክ ካላንደር፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ፣
ማንበብ ጀመረ ጮክ ብሎ፦ ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ፤
ቀበቶው ወደ ወገብ እስኪመለስ።

«ሰብሮት ነበር?» አልኳቸው።
ነጠላቸውን አስተካከሉ።
ዓይናቸው ከኔ ራስ በላይ ሄደ፣ ወደ ቢሮዬ ካላንደር፤
ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር።

ሐሙስ ሊወስዱ መጡ። የዘጠኝ ገጽ ቆጥረው ከፈሉ።
«ትርጉሙ ከዋናው ጋር ትክክል መሆኑን አረጋግጣለሁ» ይላል ማኅተሜ፤
ተነፈስኩበት፤ ቆየሁ ከገጽ ሰባት በላይ አቁሜ።
መታሁት።
አጥፈው ፌስታሉ ውስጥ ከተቱ፤ ደረጃውን ይዘው ወረዱ።
ከታች፣ በተከፈተው መስኮት፣ የልጆቹ ድምፅ መጣ፦
«እናት፣ አለ፣ አለ!»
እሳቸውም ቆም ብለው፦
«ምን አለ?»